ዳኛው አባባ

ይድረስ ፔናንግ ላለኸው ለወንድሜ ለኢላቫራሱ፤ እንደምን ሰንብተሃል? እኛ ለከተማችን አምላክ ለሚናክሺ ምስጋና ይድረሳትና ደህና ነን።

አባባ ዳኛ ሆነው የተወኑበት፣ ከዝነኛው የድሮ መጽሐፍ የተወሰደው የችሎት ፊልም ከአራት ዓመት መጓተት በኋላ ዓርብ ዕለት እዚህ ማዱራይ ታየ። እፎይ!

ወደ ሲኒማ ቤቱ ስንሄድ «ወዴት ነው የምትወስጂኝ?» ብለው ሦስቴ ጠየቁኝ። ፍርዱ ሲነበብ ግን አንዲት ቃል ሳይስቱ ከፊልሙ እኩል ጮክ ብለው አነበቡት።

ከኋላችን የተቀመጠች ሴትዮ «ኧረ አባት፣ ዳኛው የሚለውን እንስማበት!» አለቻቸው።

«ዳኛው እኔ ነኝ! ሥርዓት ያዢ፣ አስወጣሻለሁ!» ሲሏት አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። እኔ ዕንባዬ መጣ።

ከዚያ ወዲህ ፊታቸው ፈክቷል፤ ሩዙንም ሳይለመኑ ይበላሉ። ብቻቸውን ወጥተው መንገድ እንዳይጠፋባቸው ለውጭው በር አዲስ ቁልፍ አስገብቻለሁ፤ አታስብ። ለፖንጋል በዓል ግን ና፣ ለከርሞ አትበል። ስትደውልም አስቀድመህ ስምህን ንገራቸው።

ዐይንህን ለማየት የጓጓች እህትህ፣
ቴንሞዢ