ስለ ዘገየው ጎንግና ስለ ቀጭ ቀጭ ባይዋ ሳጥን

ለተከበሩ ርእሰ መምህራችን ለፓክ ሃርጃንቶ
ክላተን

ክቡርነትዎ፣ ጤናዎ እንደ ሰልፍ ቀን ጫማዎ ያብረቀርቅ ዘንድ እየተመኘሁ፣ እኔ የአሥረኛ ክፍል ተማሪና የጋሜላን፣ የነሐስ መሣሪያ ሙዚቃ ቡድናችን ከበሮ መቺ ሴካር ፒናስቲ፣ ምስጋናዬን አላፊ አግዳሚው ሁሉ እንዲያነበው ማስታወቂያ ሰሌዳው ላይ ለጥፌአለሁ።

፩ኛ፦ ሟቹ የሙዚቃ መምህራችን እምባህ ዊርዮ «እጅ ያለው ይምታ፣ ድምፅ ያለው ይዝፈን፣ ሁለቱም እንቢ ያለው አጠገቤ ተቀምጦ ይተንፍስ» እያሉ ያገኙትን ልጅ ሁሉ ሲሰበስቡ፣ እርስዎ ለውድድር የሚበቁትን ብቻ አስቀርተው አዳራሹን ስላሰፉልን እናመሰግናለን። ማስተጋባቱን ቢሰሙት!

፪ኛ፦ ላናንግን ስላባረሩልን። ላናንግ ነገር ለመረዳትም ለመመለስም ጊዜ የሚፈልግ ልጅ ነው፤ ጠዋት «ደህና አደርክ?» ብትለው መልሱ ምሳ ሰዓት ላይ ይደርስሃል እያልን እናሾፍበት ነበር። እምባህ ዊርዮ ግን ትልቁን የነሐስ ጎንግ፣ ያለ እሱ ምት ዜማ አለቀ የማይባልበትን፣ የሰጡት ለእሱ ነው። እርስዎ ከከተማ ያመጧትን ቀጭ ቀጭ ባይ ምት መቁጠሪያ ሳጥን ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠው «ይኸው ዘገየ! አሁንም ዘገየ!» አሉና አስወጡት። ላናንግም «ይቅርታ፣ ጌታዬ» ብሏል። አልሰሙት ይሆናል፤ ያለው እርስዎ ከሄዱ በኋላ ነው።

፫ኛ፦ ጎንግ መዘግየት ይኖርበት እንደሆነ ማንንም ባለመጠየቅዎ። በእኛ አገር የመጨረሻው ምት ትንሽ ቆየት ይላል፤ ሰው ሁሉ ትንፋሹን ይይዛል፣ ከዚያ ምቱ ይወድቃል። እኛ ያችን ቆየት ማለት ለመልመድ ስንት ዓመት ስንለፋ፣ ላናንግ ይዟት ተወለደ።

የሚቀጥለውን ግን ከምስጋና ቆጥሬ አራተኛ ቁጥር ልሰጠው አልቻልኩም። በእምባህ ዊርዮ አርባ፣ እሳቸው የሚወዱትን ዜማ ግቢያቸው ውስጥ ተጫወትንላቸው። አዲሱ ጎንግ መቺ በሳጥንዎ ልክ፣ አንዲት ፀጉር ሳያዛንፍ፣ ደለቀው። ዓይናቸውን ጨፍነው ሲያዳምጡ የነበሩት ባለቤታቸው ደንግጠው «አለቀ እንዴ? እኔ እኮ ገና እየጠበቅሁ ነበር» አሉ። ላናንግ ውጭ አጥሩ ሥር ተቀምጦ ነበር። መምቻ እንደያዘ አድርጎ እጁን አነሣ፤ ጠበቀ፤ ጠበቀና ባዶው አየር ላይ አሳረፈው። ማለቂያው እዚያ ጋ ነበር። እኔ አየሁት፤ ባለቤታቸው ግን አልሰሙትም።

ስለዚህ ጎንጉን ለላናንግ ይመልሱለት ዘንድ ከበሮዬን ታቅፌ፣ አንገቴን ደፍቼ እለምናለሁ።

ሁልጊዜም በትክክለኛው ሰዓት ለሚሳሳቱት ክቡርነትዎ ያለኝን አክብሮት በድጋሚ እየገለጽኩ፣
ታዛዥዎ ሴካር ፒናስቲ

ማሳሰቢያ፦ ይቅርታ ለመጠየቅ ካሰቡ አይጣደፉ። ላናንግ ሐሙስ ሐሙስ፣ ልምምድ ባለን ቀን፣ ከአዳራሹ ውጭ መስኮቱ ሥር ይቀመጣል። ዘገዩ ብሎ የሚያባርር ሰው አይደለም።