ሐዘንህን ሱቅ ውስጥ ተቀመጥኩ

ተፌ፣ የኔ ሳቂታ፣

እንዴት ሰነበትክ ብዬ ብጀምር እዚያው ባለህበት እንደምትስቅብኝ አውቃለሁ። ከተለየኸን ዓመት ሊሞላ ነው፤ በፊታችን እሑድ ተዝካርህን እናወጣለን። ጥቁርሽን አውልቂ የሚለኝ በዝቷል። አወልቃለሁ፣ ግን እነሱ ስላሉኝ አይደለም። ከዚያ በፊት አንተን በቀበርኩ ማግስት የሠራሁትን ጉድ ከሰው አፍ ሳይሆን ከራሴ እንድትሰማው እፈልጋለሁ። ይቅርታ ልጠይቅህም አይደለም የምጽፈው።

ያንን የእንግሊዞች ፊልም ታስታውሳለህ አይደል? ከሱቃችን አጠገብ ካለው ቪዲዮ ቤት በየቅዳሜው የምትከራየውን፣ ባለቤቱ ካሴቱን ለምን ወስደህ አታሳድገውም ብሎ እስኪቀልድብህ ድረስ። ዝናብ በማያባራበት ከተማ ጃንጥላ እየጠገነ የሚኖር ቤተሰብ ነው፤ ሱቃቸው ሊዘጋ ይደርስና ሲሯሯጡ፣ ሲጣሉ፣ ሲያስቁ ያመሻሉ። የሚናገሩት አይገባህም ነበር። አሜሪካኖቹን በቅጡ ሳንሰማ የእንግሊዞቹ ከየት ይግባን! አንተ ግን ለሁሉም አማርኛ ትሰጣቸው ነበር፤ አባትየውን የእድራችንን ዳኛ ታስመስላለህ፣ እናትየዋን ደግሞ እኔን። እኔ አጠገብህ ሱሪ እየዘመዘምኩ አኮርፋለሁ። መጨረሻው ላይ የከተማው ሰው የተሰበረ ጃንጥላውን ይዞ ዝናብ ላይ ሲሰለፍላቸው አንተ እንባህ እስኪወርድ ትስቃለህ፣ እኔ ደግሞ ውሸታሞች እላለሁ። ለሰው ሱቅ ብሎ ዝናብ የሚደበደብ ማን ነው? ያንተ መልስ ሁልጊዜ አንድ ነበር። አንቺ በሩን ክፈቺ እንጂ ሰው ይመጣል።

እኛ ግን በሩን ከፍተን ሰው አልመጣም። እዚህ አሜሪካ፣ አቮንዴል እስቴትስ ያለችው የልብስ ስፌት ሱቃችን ምን ያህል ጭር ትል እንደነበር እኔና አንተ እናውቃለን። አንድ ዚፕ ለማስቀየር የሚገባ ሰው እንደ እንግዳ ተቀብለን ወንበር የምንስብለት ጊዜ ነበር። አንተ ያኔም ታፏጫለህ።

ከዚያ ልብህ ታመመ። እኔ ሆስፒታል ካልጋህ አጠገብ አልተነሳሁም፣ ሱቁም ተዘግቶ ሰነበተ። ውላችን ላይ ደግሞ ሱቁ ሁለት ሳምንት በተከታታይ ከተዘጋ አከራዩ መረከብ ይችላል ይላል። ከቀብርህ ስንመለስ አከራዩ በራችን ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቆ አዝናለሁ አለኝ፣ ቀጥሎም ቪዲዮ ቤቱ ቦታውን ጨምሮ መስፋፋት እንደሚፈልግ፣ እስከ ዓርብ ካልከፈትኩ ቁልፉን ሊወስድ እንደሚመጣ ነገረኝ። ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ እሱም ቤቱ ነው። እኔ ግን ያን ሰዓት ባርኔጣውን ነጥቄ ብወረውርበት ደስ ይለኝ ነበር።

ወንድምህ ጋሽ መኮንን ይህን ሲሰሙ እፎይ ያሉ መሰለኝ። "ተይው፣ ክሎዝ አድርጊው። አሁን እቤትሽ ተቀመጪና ወንድሜን እዘኚለት። አርባው ሲወጣ እኔ ራሴ ኢስት ፖይንት፣ ኤርፖርቱ ጋ ጆብ አፕላይ አደርግልሻለሁ" አሉኝ። ጭንቀታቸው ገብቶኛል፤ ባሏን ቀብራ በነጋታው ሱቅ የከፈተች ተብዬ ስማችሁ እንዳይነሳ ነው። ሐዘንተኛ ከቤት አትወጣም፣ ሰው መጥቶ አብሯት ይቀመጣል፤ ወጉ ይህ ነው። ወጉን አከብራለሁ ተፌ። ግን ሰው መጥቶ የሚቀመጠው የግድ ሳሎን ነው ያለ ማን ነው? ያቺ ሱቅ ያንተ ስም የተጻፈባት፣ ዕድሜህን የጨረስክባት ናት። ከሷ የበለጠ ቤትህ የት ነበር?

የእድሩ ሰዎች ታጣፊ ወንበሮቹን እቤት ሊያራግፉ ሲመጡ ወደ ሱቁ ውሰዱልኝ አልኳቸው። ሐዘን ያናወዛት መስሏቸው እርስ በርስ ተያዩ። ውሰዱልኝ ብዬ ጮህኩባቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጠላዬን አዘቅዝቄ፣ ፎቶግራፍህን የስፌት መኪናህ ላይ አቁሜ፣ "ክፍት ነው" የሚለውን ሰሌዳ ወደ መንገዱ አዙሬ ተቀመጥኩ።

ሰውም መጣ። ከሊቶኒያ መጣ፣ ከየት ከየቱ መጣ፤ የቤተ ክርስቲያኑም፣ የጴንጤዎቹም፣ ድስቱን በጋቢው ጠቅልሎ መጣ። ቤቱ ሞልቶ ውጭ ቆሙ። እዚህ አገር ደግሞ ሰው የቆመበት ደጃፍ ምን ማለት እንደሆነ ታውቃለህ፤ አላፊ አግዳሚው ሁሉ ትልቅ ሴል፣ የዋጋ ቅናሽ፣ ያለ መሰለው። መጀመሪያ የገባችው አንዲት ነጭ ሴትዮ ናት፣ የወንድ ካፖርት ታቅፋ። ልክ እግሯ ሲገባ እትዬ አስካለ፣ የሰርግ ቀሚስ የሰፋህላቸው አልቃሻዋ ጎረቤታችን፣ "ተፈራዬ!" ብለው ለቀቁት። ሴትዮዋ ካፖርቷን ልትጥል ምንም አልቀራት። እትዬ አስካለ እንባቸውን እየጠረጉ ባላቸው እንግሊዝኛ አስረዷት። ትወጣለች ብዬ ስጠብቅ ወንበር ስባ አጠገባቸው ተቀመጠች። ካፖርቱ የባሏ ነበር፤ ክረምቱን ቀብራዋለች፤ ለራሷ ልክ እንዲሆን ማስጠበብ ፈልጋ ነው። ከዚያ ሦስታችንም ተላቀስን።

ካፖርቱን ይዤ ቁጭ ማለት አልቻልኩም። ተነስቼ ከስፌት መኪናህ ፊት ተቀመጥኩ። የሰው ዓይን ሁሉ ጀርባዬ ላይ እንዳረፈ ይታወቀኝ ነበር። እግሬን ፔዳሉ ላይ አሳረፍኩና ሰፋሁ። ሌላው ገባ፣ ሱሪ ይዞ። ሌላው ቀጠለ። እትዬ አስካለ እጃቸው ሥራ ሲፈታ አይወዱም፤ የሱሪውን ጠርዝ እየተረተሩ ያለቅሳሉ፣ እያለቀሱ ይተረትራሉ። ሌሎቹም ሴቶች መርፌ ያዙ። የእድሩ ዳኛ ካውያ እይዛለሁ ብለው ያንዱን ሸሚዝ እጅጌ ጠበሱት። ፊልሙ ውስጥ ያስገባሃቸው እሳቸው ናቸውና ብታይ በሳቅ ትሞት ነበር፤ ምን እላለሁ እኔ።

ጋሽ መኮንን የመጡት በሦስተኛው ቀን ነው፣ እጄን ይዘው ቤት ሊመልሱኝ። ጥቁር ሱፋቸውን ግጥም አድርገው፣ ተቆጥተው፣ በሩ ላይ ቆሙ። ሊናገሩ ሲሉ አንድ ወጠምሻ አሜሪካዊ ከኋላቸው መጥቶ፣ በአለባበሳቸው የሱቁ ኃላፊ መስለውት፣ ጃኬቱን እቅፋቸው ላይ አኖረና እጅጌው እንዲያጥርለት ጠየቃቸው። እሳቸውን ታውቃቸዋለህ፤ ሰው ጋሼ ሳይላቸው ሰላምታ የማይመልሱ። ጃኬቱን አዩት፣ እኔን አዩኝ፣ ፎቶህን አዩት። ከዚያ ጉሮሯቸውን ጠርገው ማክሰኞ ናና ውሰድ አሉት። ከሱቁ ባንኮኒ ኋላ ገቡና እስከ ዛሬ አልወጡም። ደንበኛ ያመናጭቃሉ፣ ደንበኛውም ይወዳቸዋል።

ዓርብ አከራዩ እንዳለው መጣ። የሚቆምበት ቦታ አጣ። ውስጥ ገብቶ ዞር ዞር ብሎ አየ፤ አለመዘጋቱን ማየት አያቅትም። እትዬ አስካለ አስቀምጠው አበሉት። ቁልፍ ሊወስድ የመጣ ሰው የሽሮ ሳህን ይዞ ወጣ። የመጡትም ደንበኞች ጎረቤቶቻቸውን ላኩ፤ ሱቃችን ዛሬም ሱቃችን ናት።

ሳልነግርህ የማላልፈው አለ። በባሏ ሐዘን ነገደች ያሉኝ አሉ፤ ዛሬም ይላሉ። ይበሉ! አንተን ያዘንኩት እጄን አጣጥፌ አይደለም፣ አንተ ባስተማርከኝ ስፌት ነው። ወጉን አፈረሰች የሚል ሰው ካለ ይምጣና መርፌዬን ይቀማኝ።

ባለፈው ቅዳሜ ፊልሙን ተከራይቼ ብቻዬን አየሁት። አማርኛውን የሚሰጥልኝ ስለሌለ ራሴ ሰጠኋቸው። ሰልፉ ጋ ስደርስ ውሸታሞች የሚለው ቃል ከአፌ አልወጣም፤ ረትተኸኛል። ግን በፊልሙ ባለ ጃንጥላው ራሱ በሩ ላይ ቆሞ ነው ሰውን የሚቀበለው። የኔዎቹ የመጡት አንተን ሊያለቅሱ ነው። እንደዚያ የሚወድህ ሰው ሁሉ ሱቅህን ሲሞላው ማየት የሚገባህ አንተ ነበርክ፣ አላየኸውም። ይህን ለማንም ይቅር አልልም፣ ላንተም ቢሆን።

ስምህን ከደጃፉ አላወርድም። የስፌት መኪናህን አልለውጥም፤ የሚንቋቋውን ፔዳሉንም ቢሆን አላስጠግነውም፣ ስትሰፋ እሰማው የነበረው ድምፅ እሱ ነውና። እሑድ ጥቁሬን አውልቄ ያቺን አንተ የሰፋህልኝን ቀይ ቀሚስ እለብሳለሁ። ጋሽ መኮንን የተዝካሩን አዳራሽ ልከራይ ሲሉ አይሆንም አልኳቸው፤ አልተከራከሩኝም።

እዚያው ሱቅ ነው ተፌ። በሩን እኔ እከፍተዋለሁ። ሰው ይመጣል።

ያንተው አልማዝ