የወተት ጋኑ ብየዳ

ይድረስ ለታላቅ እህቴ ለስንቅነሽ፤ ጎንደር።

ከሁሉ አስቀድሜ እንደምን ከርመሻል፣ ልጆቹስ ደኅና ናቸው? እኛ ኪዳነምሕረት ትመስገን ደኅና ነን።

ሰፈራችን ዴም ከጦርነቱ በኋላ ሰው እየተመለሰበት ነው። የምሠራበት የኡስማን ወርሻም፣ የብየዳ ቤቱ፣ ተከፍቷል፤ አልሙኒየም የምበይደው እኔ ብቻ ነኝ።

ሰሞኑን የሚያፈስ የወተት ጋን መጣልኝ። በበየድኩት ቁጥር ስፌቱ ይጠቁራል፣ እንደ ስፖንጅም ይበሳሳል። አልደነገጥኩም። ቅባቱን በአሴቶን ጠረግኩ፤ ሌላ ብረት ባልነካ የሽቦ ብሩሽ ፈተግኩት፤ የጋዙን ጎማ መረመርኩ፤ ነፋሱን በሸራ ጋረድኩ። መጥቆሩን ግን አልተወም። አጠገቤ ቆሞ ያይ የነበረው ኡስማን፣ «ያ ኡስታ፣ አንተ ባለሙያ፣ መርፌው እየነካ ነው» አለኝ።

እውነቱን ነው። እሳቱ የሚወጣበት መርፌ የቀለጠውን አልሙኒየም ከነካ ስፌቱ ይበከላል። መርፌውን እንደገና ሞረድኩና ክንዴን ጡብ ላይ አስደግፌ በየድኩት። ስፌቱ እንደ ብር አበራ። ጋኑን ውሃ ብንሞላው ጠብታ አላፈሰሰም። «ማሻአላህ» አለ ኡስማን። አሁን ሁሉንም ሥራ ጡብ ላይ ተደግፌ ነው የምሠራው፤ እንዲያውም ይቀላል።

ባለቤቴ ሳራም ደኅና ናት። ሻይ ስትቀዳልኝ ብርጭቆውን እስከ ግማሽ ብቻ መሙላት ለምዳለች፤ እኔም ለምን ብዬ አልጠየቅኳትም።

እንዲያው ለወሬ ያህል፣ አባባ ዋንጫውን በሁለት እጁ መያዝ የጀመረው በስንት ዓመቱ ነበር? እኔ ልጅ ስለነበርኩ አላስታውስም። መልሱን በወረቀት ላኪልኝ፤ ስልኩን ሳራም ታነሳዋለች።

ጎረቤቱን ሁሉ በየስሙ ሳሚልኝ። በደኅና ያገናኘን።

ወንድምሽ ይስማው፤ ከካርቱም