ጉዳዩ፦ የታመመችው የትኛዋ እንደሆነች እንዲነገረን ስለመጠየቅ

ለተከበሩ የሆስፒታሉ የሕሙማን መዝገብ ክፍል ኃላፊ፣

ከሁሉ አስቀድሜ ለክቡርነትዎ ሙሉ ጤና እመኛለሁ፤ ምናልባት የሚመረመሩበት ቀን ቢመጣ ደግሞ ውጤትዎ ለእርስዎው እንዲደርስ ከልቤ እጸልያለሁ። እኔ ከባቡር ጣቢያው ጀርባ ባለች ጠባብ ክፍል የሰው ሱሪ የማሳጥር ልብስ ሰፊ ነኝ። በአደባባይ መጻፌ ከድፍረት እንዳይቆጠርብኝ፤ በመስኮትዎ ያስገባኋቸው አራት ማመልከቻዎች የገቡበት ስለጠፋ፣ ያያቸው ሰው ካለ ብዬ ነው።

አንደኛ፣ ስለ ልደት። እናቴ የተወለደችበትን ቀን አታውቅም፤ የምታውቀው በረዶ ማሳውን ባወደመበት ሰሞን መሆኑን ብቻ ነው። ወደዚህ አገር ስንገባ የስደተኞች መዝጋቢው ቅጹ ላይ በረዶ የሚጻፍበት ቦታ ስላጣ የዓመቱን የመጀመሪያ ቀን ሰጣት። ዓመቱንም በዓይኑ ገምቶ ከዕድሜዋ አሥር ዓመት ቀነሰላት፤ በዚህስ ቅር አላላትም። በኋላ ስንሰማ ጎረቤታችን ዳቦ ጋጋሪዋም፣ ባሏም፣ ከላያችን ያሉት ሽማግሌም የተወለዱት በዚያው ቀን ነው። ክፍልዎ በየዓመቱ ለሁሉም በአንድ ቀን የመልካም ልደት ካርድ ስለሚልክ እግዜር ይስጥልን።

ሁለተኛ፣ ስለ ስም። ቅጹ የቤተሰብ ስም ይጠይቃል፤ እኛ ዘንድ ያለው የራስና የአባት ነው። መዝጋቢው ለማብራሪያችን ጊዜ ስላልነበረው የእናቴን ስም ሁለት ጊዜ ጻፈው። ዳቦ ጋጋሪዋ የእናቴ ሞክሼ ናት፤ ለእሷም እንዲሁ አደረገላት፤ ዓመቷንም ገምቶ ከእናቴ እኩል አደረጋት። በዚህ ዓይነት ስማቸው፣ ቀናቸውና ዓመታቸው አንድ የሆነ ሁለት ሴቶች ወደ ክፍልዎ ደረሱ፤ ክፍልዎም ድግግሞሽ ነው ብሎ ሁለቱን አንድ ሰው አደረጋቸው። እኔ በሃያ ዓመት ሥራዬ የሁለት ሰው ልክ ቀላቅዬ አላውቅም፤ ግን እኔ ያለኝ ሜትር ብቻ ነው፣ እንደ እርስዎ ኮምፒውተር የለኝም።

ሦስተኛው ነው ነገሩ። እናቴ ጡቷ ላይ እብጠት አገኘች። ለዳቦ ጋጋሪዋ ብታዋያት እሷም ለሰው ሳትናገር የያዘችው እብጠት ኖሯታል። ሰው ሐኪም ቤት ብቻውን አይላክም ብለን ስላደግን እጅ ለእጅ ተያይዘው በአንድ ቀን ሄዱ፤ ናሙናም በአንድ ቀን ሰጡ። ጥፋታችን ይኸው ነው፣ አንክድም። በሦስተኛው ሳምንት ሁለት ደብዳቤ በአንድ ስም፣ በእኛ አድራሻ መጣ። አንዱ ምንም የለብሽም ይላል፤ ሌላው ካንሰር ነው፣ ሕክምናው በአስቸኳይ ይጀመር ይላል።

ሐኪሟ ደግ ሴት ናት፤ ናሙናው እንደገና ይወሰድ ብላ ጻፈች። መስኮትዎ ግን ለአንድ ሰው በስድስት ወር ውስጥ ሁለት ናሙና ስለተወሰደ ሦስተኛ አይፈቀድም ብሎ መለሰን። ሁለቱ ሴቶች ራሳቸው ቢቀርቡ፣ ማሽኑ የሚያሳየው አንድ ስለሆነ አንዳችሁ ውጭ ጠብቁ ተባሉ። ተራ በተራ ገቡ። ለሁለቱም ጉዳዩ እየተጣራ ነው የሚል አንድ ዓይነት ወረቀት ተሰጣቸው። እነሆ አሥራ አንድ ሳምንት ሆነው።

እናቴ፣ እኔ ልጄን አሳድጌአለሁ፣ በሽታው የእኔ ይሁን፣ እሷ ሦስት ልጆች አሏት ትላለች። ዳቦ ጋጋሪዋ ደግሞ፣ እኔ ገና ጉልበት አለኝ፣ ሕክምናውን የምችለው እኔ ነኝ፣ የእኔ ይሁን ትላለች። በዚህ ተኳርፈው ሁለት ቀን አልተነጋገሩም። እኔ እንደነሱ ጨዋ አይደለሁም። ንጹሑ ወረቀት የእናቴ እንዲሆን ስመኝ እውላለሁ፤ ከዚያ የዳቦ ጋጋሪዋን ትንሿን ልጅ የትምህርት ቤት ቀሚስ ሳሳጥር እፍረት ይይዘኛል። ይህን ምኞት በውስጤ ላሳደረው ክፍልዎ ምስጋናዬን በምን ቃል እንደምገልጽ አላውቅም።

የምለምነው ትንሽ ነው፤ ሁለት ሴቶች ሁለት እንደሆኑ ይመዝገብልን።

ለሰጡን ሰፊ የትዕግሥት ልምምድ እጅ ነሥቼ፣ በታላቅ አክብሮት፣
የአንደኛዋ ልጅ፣ የሁለተኛዋ ጎረቤት

ግልባጭ፦ ለሚመለከተው ሁሉ፣ የሚመለከተው ካለ።

ድኅረ ጽሑፍ፦ መልስዎ ዘግይቶ ከሁለቱ አንዷን ያጣን እንደሆነ ለመዝገቡ አይጨነቁ። የተወለደችበትን ቀን ባናውቅም፣ የሞተችበትን እኛው በትክክል እንነግርዎታለን።