ሬዲዮው ያስቀረው ግማሽ

ይድረስ ለታላቅ ወንድሜ ለጋሼ ኩማ፣ ደርባን።

ጋሼ፣ እንዴት ሰነበቱልኝ? ጤናዎስ እንዴት ነው? ያ የወገብዎ ነገር ሻል አለልዎ ወይስ አሁንም ቀኑን ሙሉ ሱቅ ውስጥ ቆመው ይውላሉ? እዚያ ብርዱ አለፈ? ምግብስ በሥርዓቱ ይበላሉ ወይስ ያው ዳቦ በሻይ ነው? እኛ ጌታ ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ክረምቱ ዘንድሮ ሳያቋርጥ ዘንቦ የታቦርን መንገድ ቦርቡሮት ሄደ፤ ባጃጁ ሁሉ እታች አውርዶን ይመለሳል፣ ቀሪውን በእግራችን እናዘግማለን። እኔም ያው ስፌት መኪናዬ ላይ ነኝ። መስከረምን ሙሉ የተማሪ የደንብ ልብስ ስሰፋ ከርሜ ቀና ያልኩት ገና አሁን ነው።

ይህን ደብዳቤ የሚያደርስልዎ ሙባረክ የጎረቤቴ የዘይነብ ልጅ ነው። በዚህ በስልክ ዘመን ደብዳቤ ምን አመጣው ይሉ ይሆናል። በስልክማ ሦስት ጊዜ ጀምሬው ነበር፤ የወንድማችንን የአልአዛርን ስም ሳነሳ ዘጉብኝ። አልተቀየምኩም። ወረቀቱን ግን ተናደው ቢያስቀምጡትም ቆይተው ያነሱታል ብዬ ነው።

ለእሱ የላኩትን የድምፅ መልእክት ሚስቱ ሂሩት አሰማችኝ። አባታችንን ያልታዘዘ ለማን ይታዘዛል፣ የቤታችንን ስም በሬዲዮ አስጠራህ፣ ከእንግዲህ ወንድም አለኝ አትበል ነው ያሉት። ጋሼ፣ ቃሉን የተናገሩት እርስዎ ቢሆኑም ያቀበልኩዎ እኔ ነኝ። ስለዚህ ከመጀመሪያው ልንገርዎ።

አልአዛር ፓርቲው ውስጥ ከገባ አሥራ ስምንት ዓመት እንደሆነው ያውቃሉ። ስብሰባ አምልጦት አያውቅም። ልጁ የተወለደች ቀን እንኳ ስብሰባ ላይ ነበር፤ ሂሩት እስከ ዛሬ ታነሳበታለች። ምክር ቤት ከገባ በኋላም እጁን የሚያወጣው ለመደገፍ ነበር። ሰኔ ላይ ግን ሪፖርት ሲነበብ፣ ከቱላ ወዲያ ባለች አንዲት መንደር የውሃ ቦኖ ተሠርቶ አራት መቶ አባወራ እየተጠቀመበት ነው ተባለ። መንደሯን የወከላት ደግሞ እሱ ነው። ተነሳና "ውሃው ያለው ሪፖርቱ ውስጥ ነው፤ ቦኖው ከተመረቀ ወዲህ ጠብታ አልወጣውም" አለ። በቃ፣ ያለው ይኸው ነው።

አንዱ በስልኩ ቀርጾ ለቀቀው። በማግስቱ ውጭ አገር ያሉ የዩቲዩብ ሰዎች ከሥሩ ሙዚቃ አስገብተው "ጀግናው ከፓርቲው ወጣ" እያሉ አዞሩት። ቃለ መጠይቅ ስጠን ብለው ሲደውሉለት፣ እኔ ከፓርቲዬ አልወጣሁም፣ ያልኩት ቦኖው ይሠራ ነው አላቸው። በሳምንቱ ጀግንነቱን ነጥቀው ሆዳም ካድሬ አደረጉት። የራሳችን የከተማ ሬዲዮ ደግሞ በበኩሉ አፈንጋጭ አለው። ከሁለቱም ወገን እስቲ ስለ ቦኖው ንገረን ያለው ሰው ግን አልሰማሁም።

እኔ ጋ የመጣችው ሳያት የምትባል ጋዜጠኛ ናት፤ ከዚያው ሬዲዮ። ሥርዓት ያላት ልጅ ናት። ሱቄ ገብታ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝና፣ "እትዬ ታቢታ፣ ፖለቲካውን ይተዉትና ስለ ልጅነቱ ብቻ ያጫውቱኝ" አለችኝ። መቼም ያውቁኛል፤ አጫውቺኝ ከተባልኩ ማቆሚያ የለኝም። የዚያን የማሾ መብራት ታሪክ ነገርኳት።

እርስዎ ያኔ ለሥራ መተሐራ ስለነበሩ አያውቁትም፤ በኋላም በቤት ውስጥ እምብዛም አልተወራም። አልአዛር አሥራ ሁለት ዓመቱ ነበር። የቤተ ክርስቲያናችን ማሾ መብራት ተሰብሮ ተገኘ፤ የሰበረው እሱ ነው ተባለ። አባባ ደግሞ የጉባኤው ሽማግሌ ናቸውና አፈሩ። እሑድ በምእመኑ ፊት ቆመህ ይቅርታ ትጠይቃለህ አሉት። ያልሰበርኩትን ሰበርኩ አልልም ብሎ እንሰቱ ውስጥ ገብቶ ሁለት ቀን ጠፋ። በሦስተኛው ቀን የቤተ ክርስቲያኑ ዘበኛ መጥቶ የሰበርኩትስ እኔ ነኝ አለ። የሚቀጥለው እሑድ አባባ ከሽማግሌዎቹ አግዳሚ ተነሱ። ኮታቸውን ቆለፉና በዚያ ሁሉ ሕዝብ ፊት "ልጄን ባላጠፋው ከስሼዋለሁ፤ ይቅር በለኝ" ብለው እጃቸውን ዘረጉለት። እማማ ነጠላዋን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች።

ሬዲዮው ያወጣው እስከ እንሰቱ ያለውን ነው። አልአዛር ከልጅነቱ አባቱን እንኳ የማይታዘዝ እንደነበር ታላቅ እህቱ መሰከረች ተባለ። ድምፁ የራሴ፣ ሳቄ ሳይቀር። ፓርቲው ለግምገማ ሲያቀርበውም ይህንኑ አስደመጡት። ሳያትን ደውዬ ብጠይቃት፣ እትዬ፣ የቆረጥኩት እኔ አይደለሁም፣ የቀረውን እንዲያወጡት ብለምናቸውም ሰዓት የለም አሉኝ አለች። እውነቷን መሰለኝ።

ጥቅምት መጨረሻ ላይ በነዋሪው ፊት ግለ ሂስ እንዲያደርግ አዳራሽ ተጠራ። የሚያነበውን ጽፈው ሰጥተውታል። እኔም ሄድኩ። ዕድሉ ለሕዝብ ሲሰጥ እጄን አወጣሁና የማሾውን ታሪክ እስከ መጨረሻው ተናገርኩ። የሚቀርጸው ሰው ገና የአባባን ስም ስጠራ ካሜራውን አወረደ። አልአዛር ከፊት ተቀምጦ ቀና አላለም። ተራው ሲደርስ ወረቀቱን አጥፎ ኪሱ ከተተና "አጥፍቻለሁ" አለ። "ጥፋቴ፣ ቦኖው ደርቆ እያየሁ ሁለት ዓመት ሙሉ እጄን አውጥቼ ሪፖርቱን ማጽደቄ ነው። ጀሪካን ተሸክመው ወንዝ የሚወርዱት እናቶች ይቅር ይበሉኝ" ብሎ ተቀመጠ። ዜናው የምክር ቤቱ አባል ጥፋታቸውን አምነው ይቅርታ ጠየቁ አለ። የትኛውን ጥፋት እንደሆነ አልተናገረም። እርስዎም ይህንኑ ሰምተው ይሆናል።

አሁን ከአባልነት ለስድስት ወር ታግዷል። ቦኖውም እስከ ዛሬ ደረቅ ነው። ምናለ ትተህላቸው ብትወጣ ብዬ ብጠይቀው፣ አሥራ ስምንት ዓመቴን ለማን ትቼ አለኝ። የአባልነት መታወቂያው አሁንም ደረት ኪሱ ውስጥ ነው። እኔን ይቅር ብሎኛል። ሱቄ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ "አንቺ ወሬኛ፣ ሬዲዮ ገባሽልን" ብሎ አሳቀኝ። የእርስዎ ቃል ግን ከልቡ አልወጣለትም። መልእክትዎን ከስልኩ አላጠፋውም፤ ሂሩት እንደምትለው ብቻውን ሲሆን ይከፍተዋል። የፊቼ በዓል በመጣ ቁጥር ከጉዱማሌ አደባባይ ደውሎ ጭፈራውን ያሰማዎት አልነበር? ዘንድሮ ለማን እደውላለሁ አለኝ።

ጋሼ፣ እኔ ታናሽዎ ነኝ፤ ይህን ያድርጉ ብዬ አላዝዎትም። ግን አባባን በዚያ እሑድ ስላላዩአቸው ልንገርዎ። እጃቸውን ለልጃቸው ከዘረጉ በኋላ ተመልሰው የተቀመጡት እዚያው የሽማግሌዎቹ አግዳሚ ላይ ነው። ከቦታቸው ያስነሳቸው ሰው አልነበረም።

አብረውዎት ለሚኖሩት ለእነ ግዛቸው ሰላምታዬን ያድርሱልኝ። ሂሩት እጅ ትነሳለች። ልጆቼ ያቤጽና ወንጌላዊት ጉልበትዎን ይስማሉ፤ ያቤጽ በቁመት በልጦኛል። ዘይነብም ልጄን አደራ ብላለች። አልአዛር መጻፌን አያውቅም፤ ስለዚህ የእሱን ሰላምታ አልጨመርኩም። እሱን ደውለው ከራሱ ይስሙት።

እህትዎ ታቢታ
ሐዋሳ፣ ታቦር
ኅዳር 14 ቀን 2018 ዓ.ም.