ባለ ገበሩ እጅጌ

ይድረስ ለታናሽ ወንድሜ። እንደምን ከርመሃል? እኛ ደህና ነን። ጦርነቱም ደህና ነው፤ ዘጠነኛ ዓመቱን በሙሉ ጤንነት ይዟል።

ባለፈው ወር የእርዳታ ድርጅቱ ሰዎች የሕፃናትን ክንድ ሊለኩ መጡ። ሜትሩ ክንዱ ቀጥኗል ብሎ ቀይ ካሳየ ለልጁ አልሚ ምግብ ይሰጠዋል፤ አረንጓዴ ካሳየ «እንኳን ደስ ያላችሁ» ተብሎ መሸኘት ነው። እኔ ደግሞ ሞኟ፣ ልጅህ ሰው ፊት እንዳታሳፍረን ብዬ፣ አምና በምግብ ፋንታ ካደሉን ብርድ ልብስ ባለ ገበር ቀሚስ ሰፍቼላት ነበር። ለኪው ሰልፉ ቢረዝምበት በእጅጌው ላይ ለካና «ጎሽ! አረንጓዴ!» አለ።

«አንተ፣ የለካኸው እኮ የራሳችሁን ብርድ ልብስ ነው!»

«እትዬ፣ አንዴ ከተመዘገበ አይፋቅም። በሁለት ወር ተመልሰን እንመጣለን።»

«እንግዲያው ብርድ ልብሱን እንኳን ደስ ያለህ በልልኝ!»

ሰልፈኛው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። እኔ ግን ጥርሴን እንደነከስኩ አለሁ። የለኪው አለቃ ዘንድ አቤት ልል ብሄድ፣ «ከረሃብ የታደግናቸው ሕፃናት» የሚል ሪፖርት ያስጽፋል። ልጅህም ገብታበታለች፣ ከዳኑት ተርታ!

ሌላ ወሬ የለም። ቀሚሱን ትናንት ለሦስተኛ ጊዜ አጠበብኩት፤ የእርዳታ ጨርቅ ሲታጠብ ይሰፋል መሰለኝ። ልጅህ ሰላም ብላሃለች። ራሷ እንዳትጽፍልህ እርሳሱ ከበዳት፤ ወፍራም እርሳስ ነው።

ናፍቆታችን እንዳለ ይድረስህ። መምጣትህ ካልቀረ ግን እነዚያን ለኪዎች ቀድመህ ብትመጣ ይሻላል።

እህትህ፣ ልብስ ሰፊዋ