በመንገዳችን ስንት ሰው ቀረ

ልጄ ሬኒታ፣ እኔ የማልደርስበት ኮሪያ ድረስ ጌታ ደርሶ ይጠብቅሽ። እኔ ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። ብርድ ላይ ራስሽን ሸፍኚ፣ ቁርስም አትዝለዪ።

ሚስተር ኦዴል ኪራዩ ከአቅሙ በላይ ሆኖበት ፀጉር ቤቱን ዘጋ። ማዶ ያለውን ቤት የገዛው ነጭ ሰው የወር ደመወዙ የእኔን የዓመት ጡረታ ያክላል አሉ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የውሻውን ስም ነግሮኛል፣ የእኔን ግን አልጠየቀኝም። ቤተ ክርስቲያናችን እሁድ እሁድ ይሞላል፤ ሕዝቡ ግን ከከተማ ዳር በመኪና መጥቶ በመኪና ይመለሳል። በእግሬ ወደ ቤቴ የምገባው እኔ ብቻ ነኝ።

ማክሰኞ የሕዝብ ቆጠራ ሴትዮ መጣች።

"እማማ፣ እዚህ ቤት ስንት ሰው ይኖራል?" አለችኝ።

በድሮው ቆጠራ አባትሽ በረንዳው ላይ ቆሞ "ሰባት ነን" ሲል ትዝ አለኝና "ሁለት" አልኳት።

"ሁለተኛው ሰው የት አሉ?"

"ልጄ ናት፤ ሥራ ሄዳለች።"

ዘራችንን ስትጠይቀኝ "ሁለታችንም ጥቁር" አልኩ። ብዕሯን ያዝ አድርጋ "በዚህ መንገድ ከጠዋት ጀምሮ እንዲህ ስጽፍ የመጀመሪያዬ ነው" አለችኝ። ድሮ ከእኛ ከጥቁሮቹ ሌላ ማን ነበረበት?

የዲያቆኑ ሚስት ቬርኔታ ስነግራት "አንቺ ሴትዮ፣ በስተርጅና መንግሥትን ትዋሺ ጀመር?" ብላ ሳቀችብኝ። እኔ ግን እንቅልፍ አጣሁ። አልጋሽን አንጥፌዋለሁ።

ጌታ መንገድሽን ያቅናልሽ። ለገና ብቅ በዪና እናትሽን ከውሸት አውጫት።

እናትሽ ኧርሊን